ወይዘሮ ይቀጥሉ

በዚያ ሆስፒታል ውስጥ ስሟን አስተካክሎ የሚጠራት የደመወዝ ክፍሉ ብቻ ነበር። ሐኪሞቹ፣ ነርሶቹ፣ የጽዳት ሠራተኞቹ ሳይቀሩ «ወይዘሮ ይቀጥሉ» ነው የሚሏት። ከኋላዋ ነው ታዲያ፤ በፊቷማ «ዶክተር» ይሏታል። እሷም ዶክተርነቷ የመጽሐፍ እንጂ የመርፌ እንዳልሆነ ማስረዳት ከሰለቻት ቆይቷል። አንድ ቀን አንዲት አሮጊት ኮሪደር ላይ ይዘዋት «እባክሽ ልጄ፣ ይቺን እብጠት እይልኝ» ቢሏት «እማማ፣ እኔ የማየው ሐኪሞቹን ነው» ብላ መለሰችላቸው። «እነሱ ደግሞ ምን ሆኑና ነው?» አሉ አሮጊቷ። ዕድሜዋን ሙሉ ስትጽፍበት የኖረችውን ጥያቄ እንዲህ ባጭሩ ያቀረበላት ሰው አልነበረም፤ ስቃ አለፈች።

ሥራዋ ሐኪም እንዴት እንደሚወስን ማጥናት ነው። ሐኪሙ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ የበሽተኛውን ነገር ሲያወጣ ሲያወርድ፣ እሷ ከትከሻው ኋላ መደገፊያ የሌላት ዝቅ ያለች ወንበር ላይ ትቀመጣለች። የሚያየው የቆየ የሕክምና ታሪክ ነው፤ በሽተኛው ድሮ ታክሞ የሄደ ስለሆነ ቢሳሳት የሚጎዳ ሰው የለም። «በሐሳብዎ የሚመላለሰውን ሁሉ ሳይመርጡ ጮክ ብለው ይናገሩት» ትለዋለች። ሐኪሙ ያፍራል፣ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ከዚያ ይጀምራል። «ትኩሳት አለው… ሳንባው ይሆን?… ኩላሊቱስ?… ኧረ ይሄ ቁልፍ የት ገባ?» እያለ ሄዶ ሄዶ ድንገት ዝም ይላል። ሰው ጠንከር ያለ ነገር ሲገጥመው ዝም ማለቱ ያለ ነው፤ እሷ የምትፈልገው ግን ዝምታው ውስጥ ያለውን ነው። ያኔ ከኋላ በለሰለሰ ድምፅ «ይቀጥሉ» ትላለች።

ሌላ ቃል ከአፏ አይወጣም። «ልክ ነኝ?» ቢሏት አትመልስም። ቢሳሳቱ አታርምም፣ ቢያገኙት አታደንቅም። ሲጨርሱ «ገባኝ፣ አመሰግናለሁ» ብላ ወንበሯን ይዛ ትነሳለች። ሐኪምም ለበሽተኛው እንዲሁ ይሁን ብላ ገና በወጣትነቷ መጽሐፍ ጽፋለች፣ ተማሪዎችም አስተምራበታለች። ሥራውን ያስተማሯት ሽማግሌ ፕሮፌሰር «ቅንድብሽ ከተነሳ ጥናቱ ተበላሸ» ብለው ስላስፈራሯት፣ ወጣት ሳለች መስታወት ፊት ቆማ ፊቷን ታሠለጥን ነበር። ፊቷም ሠለጠነ። ችግሩ፣ የሠለጠነ ፊት ቤት ሲገቡ እንደ ጋዋን ተወልቆ በር ላይ አይሰቀልም። ባሏ ፋርማሲስት ነበር፣ ጨዋታ አዋቂ ሰው። «ምሳ ምን እንብላ ብዬ ስጠይቃት የኔን ሐሳብ በጥሞና አዳምጣ ‹ገባኝ› ትለኛለች፤ ምሳው ግን አሁንም የለም» እያለ ወዳጆቹን ያስቅ ነበር። እያደር ሳቁ ቀረ፤ ከዚያ ባልየውም ቀረ። ሲለያዩ እንኳ አልተጣሉም፤ ለመጣላትም ሁለት አስተያየት ያስፈልጋላ! እሱ ዕቃውን ጭኖ ሄደ፣ እሷም በማግስቱ ሥራ ገባች።

የቀራት ዘመድ ታናሽ ወንድሟ ነው፤ ልብስ ሰፊ። አባታቸው በልጅነታቸው ስላረፈ ያሳደገቻቸው እናታቸው ናት። «አንዷ ቃል የሚወጣት በምጥ ነው፣ አንዱ አፉን የሚዘጋው ሲተኛ ነው፤ ምነው አደባልቄ በወለድኳችሁ» ትል ነበር። ወንድምየው እውነትም አፉ አያርፍም፤ እትዬን ሳያማክር የሚያደርገውም ነገር የለም። ሱቅ ሲከራይ ጠየቃት፣ ሚስት ሲያጭ ጠየቃት፣ የደንበኛ ኮት ሲሰፋ ሳይቀር ይደውላል።

«እትዬ፣ ቁልፉ ቡናማ ይሁን ጥቁር?»

«ጨርቁ ምን ዓይነት ነው? ሰውየውስ ምን ዓይነት ነው?» ትለዋለች።

እሱ ስለ ጨርቁ፣ ስለ ሰውየው ቦርጭ፣ ስለ ሰውየው ሚስት አውርቶ አውርቶ ራሱ መልሱ ላይ ይደርስና «በቃ፣ ቡናማ! አየሽ፣ አንቺ እኮ ሊቅ ነሽ!» ብሎ ይዘጋል። እሷ ታዲያ አንድም ቀን ቡናማ ብላው አታውቅም። ይህ ለሁለቱም ጨዋታቸው ነበር፤ ቢሮዋ ውስጥ ስልኩን ከዘጋች በኋላ ለብቻዋ ትስቃለች።

አንድ ነገር ግን ነበር። ሕፃናት ሳሉ እሱ ሲያጠፋ እናታቸው ትጮሃለች፣ ትቆነጥጣለች፣ ከዚያ ይበርድላታል። እህቱ ግን ዝም ትላለች። የጎረቤት መስኮት የሰበረ ዕለት ቀኑን ሙሉ አላናገረችውም። ከእናቱ ቁንጥጫ ይልቅ የእህቱን ዝምታ እንደሚፈራ ያኔም ይናገር ነበር፣ ካደገ በኋላም እየሳቀ ያወራው ነበር።

እናታቸው የታመመችው እህትየው ለጥናት ሌላ ከተማ በሄደችበት ሳምንት ነው። አንጀቷ ተዘጋ። ልቧ ድሮም ደካማ ነበር። ቀዶ ሐኪሙ ወንድምየውን ኮሪደር ላይ አቁሞ፣ ካልተሠራች አንጀቱ እንደሚበሰብስ፣ ብትሠራ ደግሞ ልቧ ማደንዘዣውን ላይችለው እንደሚችል ነገረውና «ተነጋገሩና ዛሬውኑ አሳውቁኝ» ብሎት ሄደ። ማንን ያነጋግር? ደወለ። እሷ ወንበሯን ይዛ ወደሚቀጥለው ሐኪም ልትገባ በር ላይ ነበረች።

«እትዬ፣ ይሠራላት ወይስ ይቅር?»

ዛሬም ድረስ ያንን ስልክ ስታስበው አንጀቷን የሚበላት፣ መልሱ አፏ ላይ እንደነበረ ነው። ይሠራላት። ወንድሟ ነገሩን ተናግሮ ሳይጨርስ ልቧ ቆርጦ ነበር። እሷ ግን ማስረዳት ጀመረች። ደግሞስ እንዴት አሳምራ! ቢሠራላት የሚሆነውን በአንድ በኩል፣ ባይሠራላት የሚሆነውን በሌላ በኩል አድርጋ፣ አንዱን ከሌላው ሳታበልጥ፣ ድምፅዋን እንኳ ሳታዘነብል ዘረዘረችለት። ለፈተና የሚያጠና ተማሪ ቢሆን ኖሮ ይመርቃት ነበር። ከዚያ የለመደችውን አለች።

«አንተ ምን ይመስልሃል?»

ወንድሟ ዝም አለ። ከኋላው የአልጋ ጎማ ሲንኳኳ ይሰማታል።

«ቀጥል» አለችው።

«እኔማ… እኔማ ይሠራላት ነው የምለው እትዬ። እንዲህ ስትሰቃይ ማየት አልቻልኩም።» ከዚያ ትንፋሹ ብቻ ተሰማ። የሆነ ነገር ይጠብቅ ነበር።

«ገባኝ» አለችው። «በመጀመሪያው አውቶቡስ እመጣለሁ።»

እናታቸው ከማደንዘዣው አልነቃችም።

ክፋት አልነበረም። እንዲያውም አክብሮት መስሏት ነው፤ ሰው በገዛ ልቡ ይወስን፣ የኔ ድምፅ ወዲህም ወዲያም አይግፋው የሚል ሃይማኖት የሚመስል ነገር ነበራት። ለሐኪም የሠራ ለወንድምም ይሠራል ብላ አመነች። እንዲህ ያለ ስህተት ለመሥራት ደግሞ ብዙ መማር ያስፈልጋል። ተራ ጎረቤት ቢሆን «አሠራት፣ ምን ትጠብቃለህ?» ብሎ ይገላገል ነበር፤ ወንድምየውም በኋላ ቢያንስ ከጎረቤቱ ጋር ይጣላ ነበር። አሁን ግን ነገሩ ሁሉ የሱ፣ የብቻው ሆነ።

ከቀብሩ በኋላ ልትነግረው አስባ ነበር። ረጅም ንግግር አይደለም፤ «እኔም እንዳንተው ነበር ያሰብኩት» የምትል አንዲት ዐረፍተ ነገር ናት። ግን ቤቱ ሰው ሞልቶት ነበር፣ ወንድሟም ዓይኗን ይሸሻል። እሷም በልቧ ‹መቼም ይህን ያውቀዋል› አለች። ከዚያ ሥራ ጠራት። ከዚያ ሌላ ሥራ። ወንድምየው ስለ ኮት ቁልፍ መደወል ተወ። ሲገናኙ ደህና ነሽ፣ ደህና ነኝ፣ ልጆቹ ደህና ናቸው። ያ አፉ የማያርፍ ሰው ጨዋ ሆነባት። የወንድም ጨዋነት ክፉ ነገር ነው፤ ምን ተብሎ ይከሰሳል?

በነዚያ ዓመታት ነው እንግዲህ ስሟ የገነነው። ሆስፒታሎቹ ምክር የሚሰጥ ኮምፒውተር ማስገባት ጀምረው ነበር። ሐኪሙ የሕመም ምልክቱን ያስገባል፣ ኮምፒውተሩ «ይህ ሊሆን ይችላል፣ ይህን ያድርጉ» ይለዋል። እሷ ሆን ብላ የተሳሳተ ምክር የሚሰጥ ኮምፒውተር አስዘጋጅታ ሐኪሞቹን ፊቱ አስቀመጠቻቸው። ጉድ ታየ! አንቱ የተባለ ሐኪም ስክሪኑ ላይ ያለውን ካነበበ በኋላ የራሱን ሐሳብ እየጎተተ ወደዚያው ሲወስደው፣ ድሮም እንዲህ አስቦ እንደነበር አድርጎ ሲያስረዳ ከጀርባው ተቀምጣ ሰማች። ስለዚህ አንድ ዘዴ ፈጠረች። ኮምፒውተሩ የሱን ከማሳየቱ በፊት ሐኪሙ የራሱን የሚጽፍበት ነጭ ሳጥን ይመጣል፤ ከላዩ «መጀመሪያ የእርስዎ አስተያየት» ይላል። ካልጻፈ አያሳልፈውም። ሐኪሞቹ ጠሉት። አንዱ ነጥብ ብቻ አድርጎ ያልፋል፣ ሌላው የሚስቱን ስም ይጽፋል፣ አንዱ ደግሞ በየቀኑ «እርቦኛል» ይጽፍ ነበር። እሷም «እርቦኛል»ን ከሳንባ ምችና ከወባ እኩል ሠንጠረዥ ውስጥ አስገብታ ሪፖርት ስታቀርብ ተሰብሳቢው በሳቅ ፈነዳ። ሳጥኑ ግን ሠራ፣ ስህተት ቀነሰ፣ ሌሎች ሆስፒታሎችም ወሰዱት።

ሁለተኛው ጥናቷ ከዚህም በላይ ተወራለት። አንድን የሕክምና ታሪክ ለሁለት ቡድን ሐኪሞች ሰጠች። ለአንደኛው ቡድን በሽተኛው እንደዳነ ነገረች፣ ለሁለተኛው እንደሞተ። ዳነ የተባሉት ያከመውን ሐኪም አመሰገኑት። ሞተ የተባሉት «እንዴት ይሄ ይታለፋል? እኔ ብሆን እንዲህ አላደርግም ነበር!» ብለው ጮኹ። ታሪኩ ያው፣ ሐኪሙ ያው።

ለዚህ ሥራ ሲሸልሟት ወንድሟ ራሱ የሰፋውን ሙሉ ልብስ ለብሶ መጥቶ ከኋላ ተቀመጠ። እሷ መድረክ ላይ ሆና፣ በዚያ ለስላሳ ድምፅዋ፣ «ውጤቱን ካወቅን በኋላ ‹እኔም እንዲሁ አስቤ ነበር› ብንል ያ አስተያየት አይባልም፤ ወሬ ነው። አስተያየት የሚባለው ከውጤቱ በፊት የተነገረው ብቻ ነው» አለች። አዳራሹ አጨበጨበ። ወንድሟም አጨበጨበ። እጆቹ ሲገናኙና ሲለያዩ ከመድረኩ ላይ አየች። እነዚያን ዓመታት ሁሉ ለነገ ስታቆያት የነበረችውን ዐረፍተ ነገር፣ ያችኑ ራሷን፣ አሁን በሰው ሁሉ ፊት ወሬ ብላ ስም አውጥታላታለች። ውሃ ጠጣችና ንግግሯን ቀጠለች።

ከዚያ ወዲያ ልትነግረው አልሞከረችም። በምን አፏ?

አንድ ቀን ጠዋት የወንድሟ ሚስት ደወለች። «እትዬ፣ ነይልን እባክሽ። ሰውዬው ሊያሳብደኝ ነው» አለች። ለሌላ ነገር ሲታይ ሆዱ ውስጥ ያለው ትልቁ የደም ሥር ማበጡ ተገኝቷል። እብጠቱ ዝም ብሎ ለመተው ትልቅ ነው፣ ወዲያው ለመቅደድ ደግሞ ትንሽ ነው። «ጠብቀን እናየዋለን ማለትም ይቻላል፣ አሁኑኑ እንሠራዋለን ማለትም ይቻላል ብለውታል። እሱ ግን ይሄው አይወስን፣ አይናገር፤ መቀስ ይዞ ጨርቁ ላይ እንዳፈጠጠ ይውላል። ደንበኛው ሁሉ እየተቆጣ ሄደ።»

አብራው ሄደች። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ገና በሩን ሲከፍቱ ብድግ አለች። «መምህሬ! እርስዎ ነዎት እንዴ ያመጧቸው? እኔ እኮ ተማሪዎ ነበርኩ» ብላ ወንበር ሰጠቻቸው። ከዚያ ወደ ኮምፒውተሯ ዞረች። ስክሪኑ ላይ ነጩ ሳጥን መጣ፤ «መጀመሪያ የእርስዎ አስተያየት»። ሐኪሟ እንደ ጎበዝ ተማሪ በግራ እጇ ከልላ ጻፈች፣ አሳለፈችው፣ የኮምፒውተሩን አነበበች፣ ራሷን ነቀነቀች። ቀጥሎ ወንበሯን ወደ ልብስ ሰፊው አዙራ ማስረዳት ጀመረች። ቢሠራ የሚሆነውን በአንድ በኩል፣ ቢጠበቅ የሚሆነውን በሌላ በኩል። አንዱን ከሌላው አላበለጠችም። ድምፅዋ ወዲህም ወዲያም አላለም። መምህሯ ከጎን ተቀምጣ ስትሰማ የገዛ ድምፅዋን ከሰው አፍ የምትሰማ መሰላት፣ እጇን የምታደርግበት አጣች።

«እና እርስዎ ምን ይመስልዎታል?» አለች ሐኪሟ በመጨረሻ።

«እርስዎ ቢሆኑስ?» አለ ሰፊው። «አባትዎ ቢሆኑ ምን ይሏቸዋል?»

ሐኪሟ መምህሯን በጎን አየት አደረገችና ፈገግ አለች፤ ትክክለኛውን መልስ እንደምታውቅ ልታሳያት። «እኔ ከተናገርኩ እገፋዎታለሁ። ውሳኔው የእርስዎ ነው። ይንገሩኝ እስቲ፣ ይቀጥሉ» አለች።

ሰፊው አንዴ ሐኪሟን፣ አንዴ እህቱን አየ። ከዚያ ሳቀ። እናታቸው ካረፈች ወዲህ እንዲህ ሲስቅ ሰምታው አታውቅም፤ ደስ የሚል ሳቅ ግን አልነበረም።

«እትዬ፣ እዚህም አለሽ እንዴ?» አለ።

ግቢው ውስጥ፣ የመድኃኒት መሸጫው ፊት ለፊት፣ ቀለሙ የተላጠ አግዳሚ ወንበር አለ። እዚያ ተቀመጡ። ሰው መድኃኒቱን እየያዘ ያልፋል። ወንድሟ የመቀሱ ቀለበት ያደነደነውን አውራ ጣቱን በሌላው እጁ ያሻል። ‹አንተ ምን ይመስልሃል?› የሚለው ነገር ምላሷ ላይ መጣ። ዋጠችው።

«ተሠራ» አለችው።

«ምን አልሽ?»

«ተሠራ አልኩህ! እኔ ብሆን እሠራለሁ። ልብህ ደህና ነው፣ ጉልበት አለህ። ጠብቀን ጠብቀን አንድ ቀን ሱቅህ ውስጥ ቢፈነዳ ማን ይደርስልሃል? ተሠራ። ቢበላሽ ደግሞ እኔ ነኝ ያልኩህ። ሚስትህም ትውቀሰኝ፣ ልጆችህም ይውቀሱኝ። ተሠራ።»

ድምፅዋ ከፍ ብሎ ነበር መሰለኝ፣ መድኃኒት የያዘ አንድ ሰውዬ ዞር ብሎ አያት። ወንድሟ ወደ ጫማው አቀረቀረ።

«ለእማዬስ?» አለ። «ያን ቀን ምን ነበር ያሰብሽው?»

«ይሠራላት ብዬ። አንተ ከመናገርህ በፊት። ገና ስትጠይቀኝ።»

ቀና ብሎ አያት። ፊቱ ላይ የነበረው ቁጣ ቢሆን በወደደች፤ ፈገግታ ነበር። «ደግ ነሽ እትዬ» አላት።

«ደግነት አይደለም! እውነቴን ነው የምልህ። በእማዬ ሞት!»

«ራስሽ አይደለሽ ያስተማርሽኝ? ከኋላ ተቀምጬ ሰምቼሻለሁ እኮ። ከውጤቱ በኋላ የመጣ ወሬ ነው አልሽ። እኔ አልተማርኩም፣ ይሄ ግን ወዲያው ነው የገባኝ። ጨርቁ ከተቆረጠ በኋላ እኔም ልኩን አውቄው ነበር የሚል ሰው ሱቄ ሞልቷል።»

«ለምን አትጠይቀኝም ነበር ታዲያ? ይህን ሁሉ ዓመት!»

«ምን ብዬ? አንቺ እኮ ያልወደድሽው ነገር ሲኖር ዝም ትያለሽ። ከልጅነታችን ነው የማውቅሽ። ያን ቀን ይሠራላት አልኩሽና ጠበቅሁሽ፣ ጠበቅሁሽ… «ገባኝ» ብለሽ ዝም አልሽ። በቃ፣ እትዬ አልወደደችውም አልኩ። እሷ ደግሞ ስለ ሐኪም የማታውቀው የለም። ተመልሼ ልጠይቅሽ ብዬ ፈራሁ። ከዚያ ገብቼ ፈረምኩ። አንቺ እንዳልወደድሽው እያወቅሁ ነው የፈረምኩት።»

የሠለጠነው ፊቷ ከዳት። እዚያው አግዳሚው ላይ፣ መንገደኛ እያየ፣ ተንሰቅስቃ አለቀሰች። ወንድሟ ኪሱን ዳብሶ ቁራጭ ጨርቅ አወጣ፤ መሐረብ ይዞ አያውቅም፣ ቁራጭ ጨርቅ ግን ሞልቶታል። የኮት ገበር ነበር፣ እንባ እንኳ በወጉ አይጠርግም።

«የዛሬውን አምኜሻለሁ» አላት፣ ትከሻዋን እየዳበሰ። «የዛሬው ከውጤቱ በፊት ነው። እሠራለሁ። የእማዬን ግን ተይው።»

ተሠራ። ደህና ሆነ። ከማደንዘዣው እስኪነቃ የጠበቀችበትን ሰዓት አልተርከውም፤ እንዲያው ያልተሳለችው ስለት አልነበረም ልበላችሁና ይብቃ። የዳነ ዕለት ያችን ወጣት ሐኪም ኮሪደር ላይ አገኘቻትና «ሳጥኑ ላይ ከጻፍሽ በኋላ፣ ሰዎቹ ሲጠይቁሽ አስተያየትሽን አትደብቂያቸው» አለቻት። ሐኪሟ ግራ ተጋባች። «መጽሐፍዎ ላይ እንዲህ አይልም እኮ» አለች። «መጽሐፉን የጻፍኩት እናቴ በሕይወት ሳለች ነው» ብላት አለፈች። ልጅቷ ምን እንደሰማች እንጃ፤ ጋዋኗን እያስተካከለች ወደ ሥራዋ ሄደች።

አሁን ጡረታ ላይ ናት። ወንድሟ ወደ ሱቁ ተመልሷል፣ ሆዱ ላይ ያለውን ጠባሳ ለደንበኛው ሁሉ እየገለጠ «ስፌቱን እዩልኝ፣ እኔ ብሆን ቀጥ አድርጌ እሰፋው ነበር» ይላል። ስልክም መደወል ጀምሯል። በቀደም ከሰዓት በኋላ ደወለ፤ ከኋላው የስፌት መኪናው ይንኳኳል።

«እትዬ፣ ቁልፉ ቡናማ ይሁን ጥቁር?»

«ጥቁር!» አለችው ወዲያው።

«ኧረ! ጨርቁን እንኳ ሳትጠይቂ?»

«ጥቁር አልኩህ። ቢበላሽ በኔ።»

ሳቀ፣ እሷም ሳቀች። መኪናው ቆመ። ሁለቱም ሊዘጉት ሲሉ፣ ሁልጊዜ እንደምታደርገው፣ አላስችል አላት።

«ያን ቀን እኮ እውነቴን ነው» አለች። «እኔም እንዳንተው ነበር ያሰብኩት።»

«እሺ እትዬ» አላት፣ የሚያለቅስ ልጅ በሚባበልበት ድምፅ። «እሺ፣ አምኜሻለሁ በቃ።»

ዕድሜዋን ሙሉ ከሰው ጀርባ ተቀምጣ፣ ሰው ከሚናገረው ሥር ያለውን ስትሰማ የኖረች ሴት ናት። እንዳላመናት ሰማች።